ፔዳሉ ስለለሰለሰ ብቻ ማስተር አትግዢ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከሁለት ወር በፊት 2002 ስሪት ቪትዝ በደላላ ገዛሁ። ፍሬኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለስላሳ ነው። ስረግጠው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያው ስደግመው ግን ከፍ ብሎ ይይዛል። ጋራዥ ወስጄ ሁለት ጊዜ አየር አወጡለት። አንድ ቀን የተሻለው መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ያው ሆነ። አሁን ማስተሩ ስለሄደ ይቀየር ተብያለሁ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚህ መኪና ነው። ልግዛ ወይስ ይቆይ?»

እህቴ፣ ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎች የሚገፋው ዋናው ፖምፓ) ይቆይ። መኪናውን ግን ዛሬውኑ አቁሚው። ችግሩ እስኪለይ ድረስ ልጆቹን በታክሲም ሆነ በሰው መኪና አድርሺ። ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ሁለተኛው እርግጫ የሚጠቅመው ለመድገም ጊዜ ሲኖር ነው። ኳስ ተከትሎ መንገድ ውስጥ የሚገባ ሕፃን ያንን ጊዜ አይሰጥሽም።

ከጻፍሽው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር «ወዲያው ስደግመው ከፍ ብሎ ይይዛል» ያልሽው ነው። ጋራዥ ስትሄዱ ብዙዎቻችሁ «ፍሬኑ ለሰለሰ» ብላችሁ ታቆማላችሁ። መካኒኩም አየር ያወጣል። ካልሆነ ማስተር ያስቀይራል። «ለሰለሰ» ግን «ራሴን አመመኝ» እንደማለት ነው። ከሥሩ ያለው በሽታ ብዙ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርሽ። ፔዳሉን ስትረግጪ ማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማዎች ይገፋል። ዘይት አይጨመቅም። ስለዚህ ሸራዎቹ ከጎማው ጋር የሚዞሩትን ዲስኩን (የፊቱን ክብ ሳህን) እና ታምቡሩን (የኋላውን ከበሮ) እንደነኩ ፔዳሉ ድንጋይ የረገጥሽ ያህል መጠንከር አለበት። ማስተሩ በአንድ እርግጫ የሚልከው ዘይት ደግሞ የተወሰነ ነው። አንድ ሲኒ ነው በይ። ሸራው ከታምቡሩ በጣም ከራቀ ያቺ ሲኒ ክፍተቱን በመሙላት ብቻ ታልቃለች። እግርሽን አንስተሽ ወዲያው ስትደግሚ፣ ሸራው ወደ ቦታው ተመልሶ ሳይጨርስ ሁለተኛ ሲኒ ይደርስለታል። አቦሉ ክፍተት ሞላ፣ መኪናውን የያዘው ቶናው ነው። ያንቺ መኪና የሚያደርገው ይህንን ይመስለኛል።

ማስተሩ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዙት ላስቲኮች) ሲያልቁ ምልክቱ ሌላ ነው። ፔዳሉን ረግጠሽ ስትይዢው፣ እግርሽን ሳታነሺ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። መብራት ላይ ቆመሽ እግርሽ ሥር እየሰመጠ ሲሄድ ይሰማሻል። ይህንን አልጻፍሽም። ቢሆንም ፈትሺው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አስነሺ። ማርሹ ፒ ላይ ይሁን። መኪና ስታቆሚ በምትረግጪው ልክ ርገጪና እስከ 60 ቁጠሪ። ፔዳሉ ባለበት ከቆመ ማስተሩን መወንጀል ገና ነው። ከሰመጠ ደግሞ መጀመሪያ ውጪ የሚፈስ ዘይት መኖሩን እዪ። አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል ተመልከቺ። ከዚያ ማስተሩ ከቡስተሩ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በጣትሽ ንኪ። ቡስተሩ ከማስተሩ ኋላ ያለው፣ የእግርሽን ኃይል የሚያግዘው ትልቁ ክብ ቆርቆሮ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ቡስተሩ ላይ ከማስተሩ ሥር ቀለሙ ተልጦ ዝገት ካየሽ፣ ማስተሩ በኋላ በኩል ሲያነባ ቆይቷል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ፍሳሽ ቡስተሩ ውስጥ ስለሚጠራቀም መሬት ላይ ጠብታ ላታዪ ትችያለሽ። ዘይቱ ብቻ ይጎድላል።

አየር ሲኖር ደግሞ ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል። ይገባል፣ ይመለሳል፣ ይነጥራል። ደጋግመሽ ስትረግጪው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ድንጋይ አይሆንም። ያንቺው ሲደገም በደንብ የሚጠነክር ከሆነ ዋናው ችግር አየር አይመስለኝም። ደግሞም አየር ከምንም አይፈጠርም። በትክክል ወጥቶ በቀናት ውስጥ ከተመለሰ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ያንን ሳይፈልጉ ሦስተኛ ጊዜ አየር ማውጣት ዘይትና ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፍተሻ እንግባ። መሣሪያ አይፈልግም፤ ግቢሽ ውስጥ ራስሽ ታደርጊዋለሽ።

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ሞተሩ ይነሳ። ፔዳሉን አንድ ጊዜ ብቻ ርገጪና የት ላይ እንደያዘ ልብ በይ። እግርሽን አንሺ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዪ። አሁን የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቢ። እንደገና አንድ ጊዜ ብቻ ርገጪ። ፔዳሉ ከቅድሙ በግልጽ ከፍ ብሎ ከያዘ ችግሩ የኋላ ታምቡሮች ውስጥ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቪትዝ ላይ የእጅ ፍሬኑ በኬብል የሚስበው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ነው። ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ ሲያስጠጋቸው ዘይቱ የሚሞላው ክፍተት ያንሳል። ፔዳሉም ከላይ ይይዛል።

ይህ ፍተሻ ስንት ሰው ከማይረባ ወጪ እንዳዳነ ብነግርሽ አታምኚኝም። እኔ ጋ የፔዳል ችግር ይዞ ለሚመጣ፣ የኋላ ታምቡር ላለው መኪና ሁሉ፣ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት የማደርገው ይህንን ነው።

ከኋላ መሆኑ ከታወቀ ምን ይደረግ? ታምቡሮቹ ይፈቱ። ለመካኒኩ በመዶሻ እንዲቀጠቅጣቸው አትፍቀጂለት። የቶዮታ ታምቡር ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገብቶ በየተራ ሲያጠብቃቸው ታምቡሩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ውስጡ ያለውን አቧራ ደግሞ በኮምፕሬሰር እንዳይነፋው አደራ። ይህ ነገር በየጋራዡ ሳየው ያመኛል። አሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው። የሚተነፍሰው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ ነው። በውሃ አርሶ መጥረግ ይበቃል።

ታምቡሩ ሲከፈት ሦስት ነገር እዪ። አንደኛ የሸራው ውፍረት። 1 ሚሊ ሜትር ከቀረው አልቋል። ሁለተኛ ሸራዎቹን የሚገፋው ትንሹ ፖምፓ። የአቧራ መከላከያ ጎማውን በጣትሽ ገለጥ አድርጊው። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ያነባል። አየር የሚገባውም በዚያ ሊሆን ይችላል፣ መቀየር አለበት። ሦስተኛና ዋናው፣ ሁለቱን ሸራዎች የሚያገናኘው ባለ ጥርስ ማስተካከያ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ይህ ዕቃ ራሱን በራሱ እያዞረ ክፍተቱን መዝጋት ነበረበት። ከ20 ዓመት በላይ በሠራ መኪና ላይ ግን አቧራና ዝገት አንቆት፣ ወይም የሚገፋው ትንሽ ምላስ ተበልቶ፣ ብዙ ጊዜ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ይፈታ፣ ይጽዳ፣ ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል ቅባት ቀጭን አድርጎ ይነካ፣ ይመለስ። ግራና ቀኙ እንዳይቀያየር፤ ጥርሱ የተቃራኒ ስለሆነ ከተቀያየረ ሸራውን ያርቀዋል እንጂ አያስጠጋውም።

ከዚያ ታምቡሩ ገብቶ፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ሸራው ለስለስ ብሎ እስኪነካ ድረስ ይስተካከል። የእጅ ፍሬኑ ኬብል የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። የእጅ ፍሬኑ ከፍ ብሎ ሲሳብ መካኒኩ ታምቡሩን ሳይከፍት ኬብሉን ብቻ ያጠብቀዋል። ፔዳሉም ለጊዜው ከፍ ይላል። ግን ኬብሉ ሸራዎቹን ወጥሮ ስለያዛቸው ራሱን የሚያስተካክለው ዕቃ ጭራሽ ሥራ ያቆማል። «አንድ ቀን የተሻለው መስሎኝ ነበር» ስትዪ መጀመሪያ የመጣብኝ ይህ ነው። አየር ያወጣልሽን ልጅ ኬብሉን ነክቶት እንደሆነ ጠይቂው።

የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ፔዳሉ ምንም ካልተለወጠስ? ያኔ ወደ ፊት ጎማዎች እንሄዳለን። መኪናውን ከማቆምሽ በፊት መቼ ይለሰልስ እንደነበር አስታውሺ። አስፋልት ላይ ደህና ሆኖ ኮብልስቶን ወይም ጉድጓድ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው እርግጫ ብቻ ይገባ ከነበረ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታው ሲላላ ዲስኩ ይንገዋለላል፣ ሲንገዋለል ሸራዎቹን ከፒስተኑ ጋር ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ቀጣዩ እርግጫ ያንን ክፍተት እንደገና መሙላት አለበት። ጎማውን በክሪክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም የእግሩ መጋጠሚያ ላልቷል። የተጣመመ ዲስክም ይህንኑ ያደርጋል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ፔዳሉን እግርሽ ሥር ስለሚያንቀጠቅጠው ይታወቃል።

አየር አለ ብለው አሁንም ከተከራከሩሽ አንድ ነገር በዓይንሽ እዪ። ካሊፐሩ (የፊት ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን ከላይ ነው ወይስ ከታች? ሁልጊዜ ከላይ መሆን አለበት፤ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ ሦስት ጋራዥ ዞሮ የመጣ ኮሮላ አጋጥሞኝ ነበር። ማስተሩ አዲስ፣ ዘይቱ አዲስ፣ ፔዳሉ ስፖንጅ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊት ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተቀያይረው ገብተዋል። ብሎኖቹ ከታች ሆነዋል። እንዲያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ አየር ቢወጣለት ከላይ የተቀመጠችው አየር ንቅንቅ አትልም። ባለቤቱ ያወጣው ገንዘብ አሁንም ይቆጨኛል።

መካኒክሽ ጠንቃቃ ከሆነ ማስተሩን ከመወንጀሉ በፊት ጎማ ቱቦዎቹን እየያዘ መለየት ይችላል። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች አፉ ለስላሳ በሆነ ማነቂያ ይዘጋቸዋል። በፒንሳ አይሆንም፤ ቱቦውን ከውስጥ ይቀደዋል። ቱቦዎቹ እንደ መኪናው ያረጁና የተሰነጣጠቁ ከሆነም መጀመሪያ ይቀየሩ እንጂ አይታነቁ። ሁሉም ተዘግተው ፔዳሉ ከላይ ድንጋይ ከሆነ ማስተሩ ጤነኛ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ይፍታቸው። የትኛው ሲፈታ ፔዳሉ እንደወረደ በሽታው እዚያ ጎማ ላይ ነው። ሁሉም ተዘግተው አሁንም ከሰመጠ ወይም ስፖንጅ ከሆነ፣ ያኔ ማስተሩን ወይም መስመሩን ብንጠረጥር ምክንያት አለን። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካለው ደግሞ አየር ኤቢኤሱ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በፔዳል ብቻ አይወጣም፣ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል።

ሁለት ጊዜ አየር ሲወጣለት ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ተረግጦ ከነበረ ግን አንድ ስጋት አለኝ። በቀን ተቀን መንዳት የማስተሩ ፒስተን ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ከዚያ ያለፈው ክፍል ለዓመታት ሳይነካ ዝገትና ዝቃጭ ይይዛል። አየር የሚያወጣው ልጅ እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጎሚኒው እዚያ ዝገት ላይ ይፈገፈጋል፣ ይቀደዳል። ጤነኛ ማስተር አየር ሲወጣለት የሚሞተው እንዲህ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ አየር የሚወጣ ከሆነ ፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ ይደረግ። ያቺ እንጨት ምንም አታስወጣም።

ዘይቱንም እዪው። አዲስ የፍሬን ዘይት ጥርት ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ቡና ከመሰለ ዕድሜው አልፏል። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ፍሬን ይዘሽ ስትወርጂ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርጂ፣ ፍሬኑ በቀላሉ ይግላል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ጠዋት ደህና የነበረ ፔዳል ቁልቁለቱ መሃል ላይ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ማስቀየር ለዚህ ነው። የታሸገ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ግዢ። ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ተከፍቶ የቆየ ጣሳ ቢረክስም ተይው። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ነውና ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ያገለገለ መኪና ላይ ሌላም ጉድ አለ። አንዳንዱ ሰው ዘይቱ ሲጎድል ያገኘውን ይሞላበታል፤ የመሪ ዘይት፣ የሞተር ዘይት። የመጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቺና ውስጡ ያለውን ጎማ ተመልከቺ። አብጦ ወይም ተጣሞ በቦታው አልገባ ካለ ይህ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርገሽ ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ጨምሪበት። የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፤ የሞተርና የመሪ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ ዘይት በመቀየር ብቻ አይድንም። ከማስተሩ እስከ ጎማዎቹ ያለው ላስቲክ ሁሉ መቀየር አለበት። ብርጭቆውን ለመጠጥ አትመልሺው፣ ዘይቱ መርዝ ነው።

ቪትዝ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ቪትዝ መኪናው ጃፓን ውስጥ ይሸጥበት የነበረው ስም ነው፤ የጃፓን መኪና ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ወደ እኛ ከመጡት ውስጥ መሪያቸው ወደ ግራ የተዞረላቸው ብዙ ናቸው። ፔዳሉና ማስተሩም አብረው ይነካሉ። ኮፈኑን ከፍተሽ ሰው ፔዳሉን በኃይል ይርገጥልሽ። ማስተሩና ቡስተሩ የታሰሩበት ቆርቆሮ ወደ ፊት ሲለመጥ ካየሽ፣ ልስላሴው ከዘይቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። በብየዳና በድጋፍ ይስተካከላል፤ ሥራው ግን ጥሩ እጅ ይፈልጋል።

ቡስተሩ ነው የሚልሽ ካለ አትቀበዪው። ቡስተር ሲደክም ፔዳል ይደነድናል እንጂ አይለሰልስም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጤነኛው ቡስተር እንኳ እገዛው ይቀንሳል፤ እሱም ፔዳሉን ጠንከር ያደርገዋል። ሞተር ሳይነሳ ረግጠሽ ይዘሽ ስታስነሺው ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ደግሞ አትደንግጪ፣ ቡስተሩ መሥራቱን ነው የሚነግርሽ።

የእጅ ፍሬኑን ፍተሻ ዛሬ ማታ አድርጊው፣ ከዚያ እስከ 60 የመቁጠሩን። ውጤቱን ጻፊልኝ፦ የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ፔዳሉ ከፍ አለ ወይስ አላለም? ተይዞ ሲቆይ ሰመጠ ወይስ ቆመ? የእጅ ፍሬኑ ስንት ጊዜ ቀጭ ብሎ ይይዛል? ከ10 በላይ ከሆነ እሱንም ንገሪኝ። መኪናውን ጋራዥ መውሰድ ካለብሽ ደግሞ በክሬን ይሂድ ወይም መካኒኩ ቤትሽ ይምጣ።